ዋሻ ቆፋሪው ወታደር ዊሊያም ሃኬት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲነሣ ምሽግ፣ እሾሃማ ሽቦ፣ መትረየስና ጭቃ ትዝ ይለናል። ከምሽጉ ሥር ግን ሌላ ጦርነት ነበር። በሻማ ብርሃን፣ በሹክሹክታ፣ በእንብርክክ የሚካሄድ። ያንን ጦርነት ለመረዳት የአንድ ሰው ታሪክ ይበቃል፤ ሰውየው ዊሊያም ሃኬት ይባላል። «አንድ ሰው» ስል ትንሽ እያጭበረበርኩ ነው፤ ከጎኑ ሌላ ወጣት አለ። እሱ ላይ እንደርሳለን።

ቀኖቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፤ በኛ የምጠቅሰው ካለ እዚያው እናገራለሁ። ሰዓቱ ግን በኛ ነው።

ሃኬት ማን ነበር?

እንግሊዛዊ የከሰል ማዕድን ሠራተኛ ነበር። ጁን 11 ቀን 1873 ኖቲንግሃም ውስጥ ስኔንተን በሚባል ሰፈር ተወለደ። ከዚያ ወደ ሰሜን ወጣ ብሎ፣ በዮርክሸር፣ መጀመሪያ ዴናቢ ሜን ቀጥሎም ማንቨርስ ሜን በሚባሉ ማዕድኖች ከሰል ሲቆፍር ኖረ። በ1900 አሊስ የምትባል ሴት አገባ። አርተርና ሜሪ የሚባሉ ልጆች ነበሯቸው። ቤታቸው ሜክስቦሮ የምትባል የከሰል ሠራተኞች ከተማ ነበር።

ማንበብና መጻፍ አልተማረም። ጦር ሜዳ ሆኖ ለቤቱ ደብዳቤ ሲልክ የሚጽፍለት ጓደኛው ነበር። እሱ ይናገራል፣ ጓደኛው ይጽፋል። ፖስታ ቤት ደጅ ጃንጥላ ዘርግቶ የተቀመጠ ደብዳቤ ጸሐፊ ላየ ሰው ነገሩ እንግዳ አይሆንም።

በ1916 መጀመሪያ ላይ ደግሞ ቤቱን ሌላ መከራ ገጠመው። የ14 ዓመቱ ልጁ አርተር እዚያው ማንቨርስ ሜን ሲሠራ አደጋ ደርሶበት አንድ እግሩን አጣ። አባት ፈረንሳይ ጉድጓድ ውስጥ፣ ልጅ ዮርክሸር ጉድጓድ ውስጥ። ከሰል ሠራተኛ ቤት ውስጥ አካል ለማጣት ጦር ሜዳ መሄድ አያስፈልግም ነበር።

ዕድሜው ገፍቶ ሳለ እንዴት ወታደር ሆነ?

ጦርነቱ ሲፈነዳ 41 ዓመቱ ነበር። ዮርክና ላንካስተር ሬጅመንት ሦስት ጊዜ ሄዶ ሦስት ጊዜ «አርጅተሃል» ተብሎ ተመለሰ። ልቡም ጤነኛ አልነበረም። ብዙ ሰው አንዴ ሲመለስ «እሰየው» ብሎ ቤቱ ይቀመጥ ነበር።

ኦክቶበር 1915 ላይ ግን ንጉሣዊው የመሐንዲስ ጦር ተቀበለው። ቻተም ላይ ሁለት ሳምንት ያህል ሠለጠነ፤ ከዚያ ወደ ፈረንሳይ። ሁለት ሳምንት ለወታደር አይበቃም። እሱ የተፈለገው ግን ለጠመንጃ አልነበረም፤ ቁፋሮውን ደግሞ የሚያስተምረው ሰው አያስፈልገውም ነበር። በኋላ 254ኛው የዋሻ ቆፋሪ ሻምበል ውስጥ ተመደበ። ማዕረጉ ሳፐር ነው፤ በመሐንዲስ ጦር ተራ ወታደር የሚጠራው እንደዚያ ነው።

ጦሩ ለምን ከሰል ቆፋሪ አስፈለገው?

በ1914 መጨረሻ ሁለቱም ወገን ከቤልጂየም ባሕር ዳርቻ እስከ ስዊዘርላንድ ድንበር ምሽግ ቆፍሮ ተፋጠጠ። ወደ ፊት የወጣ በመትረየስ ይታጨዳል። በላይ መንገድ ከጠፋ ያለው በታች ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ከጠላት ምሽግ ሥር ድረስ ቆፍረህ ትደርሳለህ፣ ባሩድ ትከምራለህ፣ ታፈነዳለህ።

ጀርመኖቹ ቀደሙ። ዲሴምበር 20 ቀን 1914 ዢቫንሺና ፌስቱበር በሚባሉ የሰሜን ፈረንሳይ መንደሮች አጠገብ ከሕንድ ወታደሮች ምሽግ ሥር 10 ትንንሽ ፈንጂዎች አፈነዱ። (ዢቫንሺ ሽቶ ያስታወሳችሁ ካላችሁ፣ አጻጻፉ አንድ ነው።) ጉዳቱ ከባድ ነበር፤ ፍርሃቱ ደግሞ ከጉዳቱ ባሰ። ከዚያ ቀን በኋላ ምሽግ ውስጥ የቆመ ወታደር የረገጠውን መሬት አያምንም።

እንግሊዞቹን ያዳናቸው ጆን ኖርተን ግሪፍስ የሚባል ተቋራጭ ነው። የፓርላማ አባልም ነበር። ሠራተኞቹ ማንቸስተር ላይ የፍሳሽ ቱቦ የሚያልፍበትን ዋሻ ይቆፍሩ ነበር። ፌብሩዋሪ 1915 ላይ የመጀመሪያዎቹን 18 ሰዎች ይዞ መጣ። ከጥቂት ቀናት በፊት ከከተማ ፍሳሽ ጋር የሚታገሉ ሰዎች ዢቫንሺ ላይ ከጀርመን ጋር ገጠሙ። ወታደራዊ ሰላምታ እንኳ በቅጡ የማያውቁ ነበሩ። በ1916 አጋማሽ የሠለጠኑት ቆፋሪዎች ቁጥር 25,000 ገደማ ደርሷል፤ አብዛኞቹ ከከሰል አገር የመጡ ናቸው።

ለምን «ዋሻ ቆፋሪ» ትላለህ? «መሿለኪያ» አይሻልም?

ሞክሬው ነበር። «መሿለኪያ» ስል አስፋልት ያለው፣ መብራት የተሰቀለበት፣ መኪና የሚያልፍበት ነገር ይታየኛል። ይኼኛው ሰው እንደ ፍልፈል የሚሳብበት ነው።

ሥራው በተግባር ምን ይመስላል?

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

የፍላንደርስ (ቤልጂየም በኩል ያለው ግንባር) እና የዢቫንሺ አካባቢ መሬት ጭቃ ነው፤ ጥልቅ ሲገባ ደግሞ ድርቅ ያለ ሸክላ። ሸክላ በዶማ ቢመታ ድምፁ ሩቅ ይሄዳል፣ ጠላት ይሰማል። ስለዚህ የማንቸስተር ሰዎች የራሳቸውን ዘዴ ይዘው መጡ። ቆፋሪው 45 ዲግሪ ባዘነበለ የመስቀል ቅርጽ ባለው ጣውላ ላይ በጀርባው ይተኛል። እግሩ ወደሚቆፈረው ግድግዳ ነው። ጠባብ አካፋ በሁለት እግሩ ገፍቶ ሸክላው ውስጥ ይሰካል፣ ወዝወዝ ያደርገዋል፣ ቁራጩ እንደ አይብ ተገምሶ ይወድቃል። ምት የለም፣ ኳኳታ የለም። ሁለተኛው ሰው ጭቃውን ከረጢት ውስጥ ይከታል። ሦስተኛው በእንጨት ሐዲድ ላይ በምትሄድ ትንሽ ጋሪ ይጎትታል። ድጋፍ የሚሆኑት እንጨቶች ያለ ሚስማር ነው የሚገጣጠሙት፤ መዶሻ ያሳብቃል።

ፈረንሳይ ውስጥ ሶም ወንዝ አካባቢ ደግሞ መሬቱ ነጭ ኖራማ ድንጋይ ነው። እዚያ ዘዴው ሌላ ነበር። ባዶ እግራቸውን ሆነው፣ የጠመንጃ ሳንጃ ስንጥቅ ውስጥ ሰክተው ያላቅቁና፣ ድንጋዩ መሬት ሳይነካ በእጃቸው ይቀልቡታል። አንዱ ያላቅቃል፣ ሌላው ይቀልባል። ሰዓታት ሙሉ እንዲህ።

የወጣውን አፈር መደበቅ ራሱ ሥራ ነው። ከጥልቅ የወጣ ሰማያዊ ሸክላ ከላይኛው አፈር ጋር ቀለሙ አይመሳሰልም፤ አውሮፕላን ካየው ቆፋሪዎቹ የት እንዳሉ ታወቀ ማለት ነው።

ከቁፋሮው እኩል የሚከብደው ማዳመጥ ነው። ጆሮን ግድግዳ ላይ አድርጎ፣ በኋላ ደግሞ እንደ ሐኪም ማዳመጫ ባለ መሣሪያ፣ ጠላት የት እንዳለ መገመት። ጠላት ሲቆፍር ከተሰማ ደህና ነው፤ ገና እየሠራ ነው። ጆንያ ሲጎተት ከተሰማና ከዚያ ዝም ካለ ግን ባሩዱን ሞልቶ ጨርሷል። የሚያስፈራው ዝምታው ነው። መቅደም የቻለ ትንሽ ፈንጂ አፈንድቶ የሌላውን ዋሻ ይደረምሳል፤ ከነሰዎቹ።

ከፈንጂ የተረፈውን ደግሞ ጋዝ ይጠብቀዋል። ከፍንዳታ በኋላ የሚቀረው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም። ለዚህ ሲባል ካናሪ የምትባል ትንሽ ወፍ በሽቦ ጎጆ፣ ወይም አይጥ ይዘው ይገባሉ። ወፏ ከመቆሚያዋ ከወደቀች መሮጥ ነው።

ደመወዙስ?

ጥሩ ነበር። የሠለጠነ ቆፋሪ በቀን 6 ሽልንግ ሲከፈለው፣ ተራ እግረኛ ወታደር የሚያገኘው አንድ ሽልንግ አካባቢ ነው። እግረኞቹ መቅናታቸው አልቀረም። አንዴ ጉድጓዱን ወርዶ ያየ ግን ብዙም አይቀናም።

ጁን 22 ቀን 1916 ሌሊት ምን ሆነ?

በኛ ሰኔ 15 ቀን 1908 ነው። አዲስ አበባ ላይ ልጅ ኢያሱ ነበሩ፤ ሦስት ወር ቆይቶ ከሥልጣን ወርደዋል።

ዢቫንሺ ላይ እንግሊዞቹ ወደ ጀርመን ምሽግ የሚሄድ ዋሻ እየቆፈሩ ነበር። መግቢያው ሻፍትስበሪ አቬኑ ይባላል፤ የለንደን ቲያትር ቤቶች የተደረደሩበት መንገድ ስም ነው። ወታደሮቹ ለምሽጉም ለጉድጓዱም የከተማቸውን ስም ይሰጡ ነበር። ጭቃ ጉድጓድን ፒያሳ እንደ ማለት።

ሃኬት ከሌሎች አራት ሰዎች ጋር ዋሻው ውስጥ ነበር። 43 ዓመት ከሞላው 11ኛ ቀኑ ነው። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከ50 ላይ ጀርመኖቹ ትልቅ ፈንጂ አፈነዱ። ከላይ፣ ምሽጉ ላይ፣ የዌልስ ተወላጆች ያሉበት የሮያል ዌልሽ ፊውዝለርስ 2ኛ ሻለቃ ነበር። ብዙ ሰው ሞተ። የተከፈተው ጉድጓድ ወደ 100 ሜትር የሚረዝም ነው፤ በሻለቃው አርማ ላይ ባለው ቀይ ዘንዶ «የቀይ ዘንዶ ጉድጓድ» ተባለ።

ከታች ዋሻው ተደረመሰ። አምስቱም ተቀበሩ፤ ግን በሕይወት ነበሩ።

ከላይ ያሉት መቆፈር ጀመሩ። ከ20 ሰዓት በኋላ በፈረሰው አፈርና በተሰባበረው እንጨት መሐል ቀዳዳ ተከፈተ። ሃኬት ሦስቱን አንድ በአንድ እየደገፈ አሳለፈ። ተራው የሱ ነበር። ማለፍ ይችል ነበር። አራተኛው ሰው ግን ክፉኛ ተጎድቷል፤ በዚያች ቀዳዳ ሾልኮ የሚወጣ ዓይነት አይደለም።

ሃኬት አልወጣም። በኋላ ሜዳይ ሲሸለም የወጣው ጽሑፍ የመዘገበው ቃሉ ይህ ነው፦ «እኔ ዋሻ ቆፋሪ ነኝ፤ መጀመሪያ ለሌሎቹ መድረስ አለብኝ።»

ቀዳዳው እየጠበበ ሄደ። አሁንም እምቢ አለ። በመጨረሻ ዋሻው እንደገና ተደረመሰና ዘጋው። አዳኞቹ አራት ቀን ቆፈሩ። አልደረሱም።

መውጣት እየቻለ ለምን ቀረ?

በብዛት የሚጠየቀው ይህ ነው። መልሱን እሱ በአጭሩ ሰጥቷል፤ እኛ ግን ቃሉን በፍጥነት እናልፈዋለን።

«እኔ ጀግና ነኝ» አላለም። «ለአገሬ» አላለም። የሙያውን ስም ነው የጠራው። አዲስ አበባ ላይ የውኃ ወይም የመጸዳጃ ጉድጓድ ያስቆፈረ ሰው ይህን ይረዳዋል። አንዱ ታች ወርዶ ይቆፍራል፣ ሌላው አፉ ላይ ገመድ ይዞ ይቆማል። ገመድ የያዘው ሰው ሻይ ልጠጣ ብሎ አይሄድም። ማንም ቁጭ አድርጎ ሕግ አላስተማረውም፤ ሥራው ራሱ እንደዚያ ነው። ከሰል ማዕድን ውስጥም እንዲሁ ነበር። ጣሪያ ሲወርድ መጀመሪያ የሚቆጠረው ሰው ነው፤ ከታች የቀረ እያለ ሥራው አላለቀም።

ሌላም ነገር አለ። የሽልማት ጽሑፉ ውስጥ ደጋግሜ የማነበው አንድ ሐረግ ነው፤ ሃኬት «የሚንሸራተት አፈርን ባሕርይ ጠንቅቆ እያወቀ» ሕይወቱን ሰጠ ይላል። የመንግሥት ወረቀት ስለ አፈር ባሕርይ ሲያወራ አልተለመደም። ቁም ነገሩ ግን እዚያ ላይ ነው። ሳያውቅ የቀረ ሰው አይደለም። ዕድሜ ልኩን እንጨት ሲሰነጠቅ፣ አፈር ሲፈስ ሲሰማ የኖረ ሰው ነው። ቀዳዳው ምን ያህል እንደሚቆይ ከአዳኞቹም በላይ ሳያውቅ አይቀርም።

አብሮት የቀረው ማን ነው?

ቶማስ ኮሊንስ። ተራ ወታደር፣ የ22 ዓመት ወጣት፣ የዌልሽ ሬጅመንት 14ኛ ሻለቃ አባል። ይህ ሻለቃ የተቋቋመው ከዌልስ ስዋንዚ ከተማ በተመለመሉ የአንድ አካባቢ ልጆች ነው።

በማዕረግ ዋሻ ቆፋሪ አልነበረም፤ ከእግረኛ ጦር ተውሰው ያመጡት ሰው ነው። እንደሱ ያሉት ከቆፋሪዎቹ በቁጥር ይበዙ ነበር። ከረጢት ይጎትታሉ፣ አየር በወናፍ ይነፋሉ፣ እንጨት ይሸከማሉ። ያ ሁሉ ሥራ ያለነሱ አይሆንም ነበር፤ 6 ሽልንጉ ግን የነሱ አይደለም።

የሚከነክነኝን ልናገር። የሃኬት ታሪክ ሲተረክ ኮሊንስ «የቆሰለው ጓደኛ» ሆኖ ያልፋል። ስም የለውም። የሽልማት ጽሑፉ ራሱ «አራተኛው» ብሎ ነው የሚያልፈው። ሃኬት በአንድ ጊዜ ወሰነ፤ ኮሊንስ ግን የተሰበረ አካል ይዞ፣ ሰው በሱ ምክንያት ሲቀር እያየ ተኝቶ ነበር። ከሁለቱ የማን እንደሚከብድ እንጃ።

ምን ተሸለመ?

ቪክቶሪያ ክሮስ፣ የብሪታንያ ከፍተኛው የጀግንነት ሜዳይ። ኦገስት 1916 ላይ በይፋ ታወጀ። ከዋሻ ቆፋሪ ሻምበሎች በቁፋሮ ሥራ ላይ ሳለ ይህን ሜዳይ ያገኘ ሌላ ሰው የለም። በዚያ ዘመን ለሞተ ሰው የሚሰጥ የጀግንነት ሜዳይም ይኸው አንዱ ብቻ ነበር፤ ሌሎቹን ለመቀበል በሕይወት መኖር ያስፈልግ ነበር።

ኖቬምበር 29 ቀን 1916 ባለቤቱ አሊስ ባኪንግሃም ቤተ መንግሥት ሄዳ ከንጉሥ ጆርጅ 5ኛ እጅ ተቀበለች። በዓይነ ሕሊናዬ የሚታየኝ ይህ ነው። እግሩን ያጣ ልጅ ቤት አለ። ባል ፈረንሳይ ጭቃ ሥር ነው። እጇ ላይ ደግሞ ጠቆር ያለች የነሐስ መስቀል።

መስቀሏ ዛሬ ኬንት ውስጥ ጊሊንግሃም ላይ በሚገኘው የመሐንዲስ ጦር ሙዚየም ነው ያለችው።

አስከሬናቸው ለምን አልወጣም?

ቦታው ግንባር ነበር፤ አዳኞቹ አራቱን ቀን የቆፈሩት ጠላት አጠገብ ሆነው ነው። ከዚያ በኋላም በአካባቢው ፈንጂው ቀጠለ። ሁለቱም እስከ ዛሬ 12 ሜትር ገደማ ጥልቀት ላይ እዚያው ናቸው። ከላይ እርሻ ነው።

መቃብር ከሌላቸው ስማቸው የት ተጻፈ?

እንግዳው ነገር እዚህ ጋ ነው። የሃኬት ስም ያለው ቤልጂየም ውስጥ ፕሉግስተርት በሚባል ቦታ ባለው መታሰቢያ ላይ ነው። የእንግሊዝ ወታደሮች ስሙ አልያዝላቸው ሲል «ፕላግ ስትሪት» ይሉት ነበር። ክብ ሆኖ በዓምድ የተሠራ ነው፤ መግቢያው ላይ ሁለት የድንጋይ አንበሶች አሉ፣ አንዱ ጥርሱን ያሳያል፣ አንዱ ዝም ብሏል። መቃብር የሌላቸው ከ11,000 በላይ ሰዎች ስም አለበት።

የኮሊንስ ስም ግን ፈረንሳይ ውስጥ ቲየፕቫል ላይ ነው። ያ ደግሞ በሶም ግንባር ለጠፉ ከ72,000 በላይ ሰዎች የቆመ ትልቅ የጡብ ሐውልት ነው። በሁለቱ መታሰቢያዎች መሐል 75 ኪሎ ሜትር ያህል አለ፤ የአገር ድንበርም አለ። ካርታ ላይ መስመር ብታሰምሩ ዢቫንሺ በመካከላቸው ትወድቃለች። አካላቸው አንድ ጉድጓድ ውስጥ፣ ስማቸው ሁለት አገር።

ሁለቱንም መታሰቢያዎች የሚንከባከበው የኮመንዌልዝ የጦር መቃብሮች ኮሚሽን ነው። ይህ ኮሚሽን ለኛም እንግዳ አይደለም። አዲስ አበባ ላይ ያለውን የጦር መቃብር የሚያስተዳድረው እሱ ነው። እዚያ ያረፉት የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሙታን ናቸው፤ ድንጋዩ ግን ያው ነው፣ ከላይ ጠርዙ ጎበጥ ያለ፣ አርማ፣ ስም፣ ቀን። አንዱን ያየ ሌላውን ሲያይ ወዲያው ያውቀዋል።

ዢቫንሺ ላይስ ምን አለ?

እስከ 2010 ድረስ በቦታው ላይ ለነሱ የቆመ ነገር አልነበረም። ጁን 19 ቀን 2010 የዋሻ ቆፋሪዎች መታሰቢያ ተመረቀ። ድሮ የሻፍትስበሪ ጉድጓድ መግቢያ ከነበረበት አጠገብ ነው። ትልቅ አይደለም። መሐሉ ላይ የእንግሊዝኛው «ቲ» ፊደል ቅርጽ የተፈለፈለበት የቆመ ድንጋይ ነው፤ ፊደሉ ለቆፋሪዎቹ መጠሪያ ነው። የቆመው ለሃኬት ብቻ ሳይሆን ለዋሻ ቆፋሪ ሻምበሎች በሙሉ ነው።

አገሩ ሜክስቦሮም የራሱ መታሰቢያ አለው።

ሌሎቹ ቆፋሪዎች የሚታወሱበት ቦታ አለ?

ሞልቷል። ሁሉንም አልዘረዝርም።

ሶም ላይ ሎክናጋር የሚባለው ጉድጓድ አለ። ጁላይ 1 ቀን 1916 ከጠዋቱ 1 ሰዓት ከ28 ላይ የፈነዳ ነው፤ ስፋቱ 100 ሜትር ገደማ። ባዶ እግራቸውን ድንጋይ ይቀልቡ የነበሩት የቆፈሩት ነው። ጉድጓዱ በአፈር ሊሞላ ሲል አንድ እንግሊዛዊ በ1970ዎቹ በግል ገንዘቡ ገዛው፤ አሁንም በየዓመቱ ጁላይ 1 ሰው ጠርዙ ላይ ከብቦ ይቆማል።

አራስ የምትባል ከተማ ደግሞ አለች። (በአማርኛ ገንፎ ያሰኛል፤ ምን ይደረግ።) እዚያ የኒው ዚላንድ ቆፋሪዎች ከከተማው ሥር የነበሩ የድሮ የድንጋይ ካባዎችን እያገናኙ በሺዎች የሚቆጠር ወታደር የሚያስጠልል ዋሻ ሠሩ። አንደኛውን የዋና ከተማቸውን ስም ሰጥተው ዌሊንግተን አሉት። ከ2008 ጀምሮ ለጎብኚ ክፍት ነው፤ በአሳንሰር ትወርዳላችሁ።

ቤልጂየም ውስጥ ሜሲን ላይ ጁን 7 ቀን 1917 ከሌሊቱ 9 ሰዓት ከ10 ላይ 19 ፈንጂዎች አብረው ፈነዱ፤ ወደ 450 ቶን ባሩድ። ከተቀበሩት መካከል ያልፈነዱም ነበሩ። አንዱ ተረስቶ ቆይቶ በ1955 መብረቅ አፈነዳው። የሞተችው አንዲት ላም ብቻ ናት።

ጀርመኖቹ ቆፋሪዎችስ?

እነሱም ከከሰል አገር የመጡ ነበሩ። እነሱም በሻማ፣ በሹክሹክታ፣ ጆሯቸውን ግድግዳ ላይ አድርገው። የእንግሊዝ ፈንጂ ሲፈነዳ እነሱም ተቀብረው ቀርተዋል። ሁለቱ ወገኖች በጥቂት ሜትር ሸክላ ተለይተው አንዱ የሌላውን አካፋ እየሰማ ወራት ይሠራ ነበር። ፊት ለፊት የተያዩት እጅግ ጥቂት ጊዜ ነው፤ ሲገናኙም በዶማና በሽጉጥ፣ በጨለማ።

ሄጄ ማየት ብፈልግስ?

ዢቫንሺ ሌ ላ ባሴ ነው ሙሉ ስሟ። ፈረንሳይ ውስጥ በዚህ ስም የሚጀምሩ ሌሎች መንደሮች ስላሉ ካርታ ላይ ሙሉውን ጻፉ፤ አለዚያ ሌላ ቦታ ትገኛላችሁ። በቤቲዩንና በላ ባሴ ከተሞች መካከል ናት፤ ትልቋ ቅርብ ከተማ ሊል ናት። መኪና ካላችሁ ፕሉግስተርትን፣ ዢቫንሺንና ቲየፕቫልን በአንድ ቀን ማድረስ ይቻላል። በጠዋት ከሰሜን ጀምሩ። እንግሊዝ ያላችሁ ደግሞ ሜዳዩን ለማየት ከለንደን በባቡር ጊሊንግሃም መድረስ ቀላል ነው።

አበባ ላስቀምጥ ብል የት ይሻላል?

ዢቫንሺ። ፕሉግስተርት ላይ ለሃኬት ብቻ ታስቀምጣላችሁ፣ ቲየፕቫል ላይ ለኮሊንስ ብቻ። እርሻው ጫፍ ላይ ያስቀመጣችሁት ግን ለሁለቱም ይሆናል።